የመዝገብን ግልባጭ ስለ ማስቀመጥ

በቀድሞ ዘመን የመሥሪያ ቤት ሥራ ሁሉ በወረቀት ተጽፎ በሣጥን ይቀመጥ ነበር፤ አሁን ግን መዝገቡም ሒሳቡም ደብዳቤውም አብዛኛው በኮምፒውተር ውስጥ ሆኗል። ይህ መሣሪያ ሥራን የሚያፋጥንና ድካምን የሚያቃልል መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን የሰው እጅ የሠራው ነውና የሚሳሳትበትና የሚወድቅበት ቀን እንዳለው መዘንጋት አይገባም።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ኮምፒውተርን ከጠላት እንዲጠብቅ ለሠራው ፕሮግራም አንድ ማሻሻያ ላከ። በማሻሻያው ስሕተት ስለ ነበረበት፣ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው፣ በዊንዶውስ የሚሠሩ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ወደቁ፤ በብዙ አገር የአውሮፕላን በረራ ተሰረዘ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተቸገሩ። ኩባንያው ስሕተቱን ከ80 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ቢያርመውም፣ ከወደቁት ብዙዎቹን ግን እየዞሩ አንድ በአንድ በእጅ ማንሣት አስፈለገ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደ ተባለው፣ ማሻሻያው አስቀድሞ በጥቂቶች ላይ ተሞክሮ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱም በጥቂቶች ላይ በቀረ ነበር።

የቆመ ሥራ ግን ተመልሶ ይቀጥላል፤ የጠፋ መዝገብ ግን አይመለስም። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ በዴጆን ከተማ የመንግሥት መረጃ በሚጠበቅበት ሕንፃ ውስጥ ባትሪዎች ከቦታቸው ሲነሡ እሳት ተነሣና ከ600 የሚበልጡ የመንግሥት አገልግሎቶች ቆሙ። ሠራተኞች የሥራ ጽሑፋቸውን እንዲያኖሩበት የታዘዙት ጂ ድራይቭ የተባለው ማከማቻም 858 ቴራባይት እንደ ያዘ ተቃጠለ። መጠኑ እጅግ ብዙ ነው ተብሎ በሌላ ስፍራ ግልባጭ አልተቀመጠለትም ነበርና፣ ትእዛዙን አክብሮ ሁሉን በዚያ ያኖረ ሰው ባዶ እጁን ቀረ።

ግልባጭ ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የይዞታው፣ የጡረታው ወይም የፍርዱ ጽሑፍ የጠፋበት ዜጋ መብቱን የሚያስረዳበት የለውም፤ ይህም በገንዘብ አይተመንም።

ደግሞም ግልባጭ አለ ማለት ብቻ አይበቃም። ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. በጊትላብ ኩባንያ አንድ ሠራተኛ ዋናውን መዝገብ በስሕተት በሰረዘ ጊዜ፣ ለመጠባበቂያ ከተዘጋጁት አምስት መንገዶች አንዱ እንኳ በሚታመን አኳኋን የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያውን ከከፋ ጥፋት ያዳነው ከ6 ሰዓት በፊት እንዳጋጣሚ የተወሰደ ግልባጭ ነው።

ስለዚህ የሕዝብ መዝገብ በአደራ የተሰጠው ሹም ሁሉ ግልባጩን ከዋናው አርቆ በሌላ ሕንፃ ሊያኖር፣ በየጊዜውም እያወጣ መነበቡን ሊመረምር ይገባዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና።