መብቱ ስጦታ አልነበረም፦ ስለ ብሪታንያ ስደተኞች የሚነገሩን ሁለት ተረቶች



ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ስለ ብሪታንያ ሙስሊሞችና ስደተኞች ሲነሳ ከወጣቶቻችን አፍ ሁለት ወሬ አይጠፋም። አንዱ «እንግሊዞች ፍትሐዊ ናቸው፤ ለመጣው ሁሉ መብት ሰጡ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ፈረንጅ ሁሉ አንድ ነው፤ ጥቁርንና ሙስሊምን ይጠላል፤ አለቀ» ይላል። እኛ ሁለቱም ተረት ነው እንላለን። ጉዳታቸውም አንድ ነው። የመጀመሪያው ወጣቱን ስጦታ ጠባቂ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ተስፋ አስቆርጦ እጁን አጣጥፎ ያስቀምጠዋል። ማስረጃችን ይኸው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከጎረቤታችን ልጅ እንጀምር። መሕሙድ ሑሴን መታን ያኔ በብሪታንያ ሥር በነበረችው ሶማሊላንድ የተወለደ መርከበኛ ነው። በዌልስ የወደብ ከተማ በካርዲፍ ኖረ፤ ሎራ የምትባል ዌልሳዊት አግብቶ ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደ። በ1952 በከተማይቱ አንዲት ባለሱቅ ተገደለች፤ ፖሊስ እሱን ያዘ። «አልገደልኩም» አለ፤ የሰማው የለም። ሊከላከልለት የቆመው ጠበቃ ራሱ በችሎት ፊት ግማሽ አረመኔ አድርጎ ገለጸው። በሴፕቴምበር 3 በካርዲፍ እስር ቤት ተሰቀለ። አላህ ይዘንለት።

ቤተሰቡ ለዓመታት ደጅ ጠና። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን የሻረው በ1998 ነው፤ ከ46 ዓመት በኋላ! ፖሊስ ይቅርታ የጠየቀው ደግሞ በ2022 ነው። ያኔ ሎራም ሦስቱም ልጆቿም በሕይወት አልነበሩም። «መብት ሰጡ» የምትለው ወንድማችን፤ ይህ ስጦታ ነው? «ሁሉም አንድ ናቸው» የምትለውም ልብ በል፤ ለሶማሌው ባሏ ሐቅ ዕድሜዋን ሙሉ የታገለችው ነጭ ሴት ናት።

መሕሙድ የመጀመሪያው ተበዳይ አልነበረም። በ1925 በቆዳ ቀለም ላይ የተመሠረተ የመርከበኞች ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ብዙ የአረብና የሶማሌ መርከበኞች የብሪታንያ ግዛት ተወላጆች ሆነው ሳለ፣ ማረጋገጫ ወረቀት ስለሌላቸው ብቻ እንደ ባዕድ በፖሊስ እንዲመዘገቡ ተገደዱ። በጦርነት ጊዜ መርከቡን ሲያንቀሳቅሱ ግን ወረቀት የጠየቃቸው አልነበረም።

ስለ አውቶቡሱም ስሙ። በብሪስቶል ከተማ ጥቁርና እስያዊ በአውቶቡስ ላይ ሾፌር ወይም ትኬት ቆራጭ ሆኖ አይቀጠርም ነበር። ክልከላውን ድርጅቱ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛ ማኅበሩም በ1955 ወስኖበታል። ለሠራተኛ መብት የቆመው ማኅበር ማለት ነው! በ1963 ጥቂት የካሪቢያን ተወላጆች ተነሱ፤ ፖል ስቲቨንሰን የሚባል ወጣት ድምፃቸው ሆነ፤ «በዚህ አውቶቡስ አንሳፈርም» አሉ። ነጭ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አብረዋቸው ሰልፍ ወጡ። አራት ወር ፈጀ። በኦገስት 28 ድርጅቱ እጁን ሰጠ። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ የተቀጠረው ማን ነበር? ራግቢር ሲንግ የሚባል ሲክ! የካሪቢያኑ ልጅ በከፈተው በር ሕንዳዊው ገባ። ሐቅ እንዲህ ነው፤ ለራስህ ስትጠይቀው ለሌላውም ይተርፋል።

የመጀመሪያው የዘር መድልዎ መከላከያ ሕግ በ1965 ወጣ። እሱም ሥራንና ቤት ኪራይን አልነካም ነበር፤ እነዚህ የተጨመሩት በ1968 ነው።

«ታዲያ ሕጉ ከወጣ በኋላ ጉዳዩ አበቃ?» የሚል ካለ፣ አላበቃም። በሜይ 4 ቀን 1978 አልታብ ዓሊ የሚባል የባንግላዴሽ ተወላጅ የልብስ ስፌት ሠራተኛ በምሥራቅ ለንደን ከሥራ ሲመለስ በሦስት ታዳጊዎች ተገደለ። አላህ ይዘንለት። ከአሥር ቀን በኋላ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው የሬሳ ሳጥኑን ተከትሎ እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደጃፍ ተጓዘ። ዛሬ በተገደለበት አካባቢ ያለው መናፈሻ በስሙ ይጠራል።

በ2018 ደግሞ ምን ሆነ? በልጅነታቸው ከካሪቢያን በሕጋዊ መንገድ የገቡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው ግብር የከፈሉ አረጋውያን «ወረቀታችሁ የታል?» መባላቸው አደባባይ ወጣ። ሥራ ያጡ፣ የታሰሩ፣ ከአገር የተባረሩ ነበሩ። የአንዳንዶቹን መግቢያ ካርድ ያስወገደው ግን መንግሥት ራሱ ነበር፤ በ2010። የ1925ቱ ጥያቄ ከ93 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ያገኙትን መብት የማይጠብቁት ከሆነ ይወሰዳል።

የእኛንም ጉዳይ እንጨምር። የዘር ሕጉ ሙስሊምን ለረጅም ጊዜ አላካተተም። በ1983 ሲኮች እንደ አንድ ብሔረሰብ በሕጉ እንደሚጠበቁ በፍርድ ተረጋገጠ፤ ሙስሊም ግን ዘር አይደለም ተባለ። በእንግሊዝ አገር በሃይማኖቱ የተነሳ ከሥራ የተገፋ ሰው በቀጥታ የሚከላከልለት ሕግ ያገኘው በ2003 ነው። ለዓመታት ያለ መታከት የጮኹ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ይህም አይመጣም ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተረት። በጁላይ 2024 በሳውዝፖርት ከተማ ሦስት ሕፃናት ልጃገረዶች ተገደሉ። «ገዳዩ ሙስሊም ስደተኛ ነው» የሚል ወሬ በስልክ ተሠራጨ። ውሸት ነበር፤ ልጁ የተወለደው እዚያው ካርዲፍ ነው። ወሬውን ያመነ መንጋ ግን በማግስቱ የከተማዋን መስጂድ በድንጋይ ደበደበ። በቀጣዩ ቀን ደግሞ ሙስሊም ያልሆኑ የሰፈሩ ሰዎች መጥረጊያና ሲሚንቶ ይዘው መጡ፤ የፈረሰውን የመስጂዱን አጥር ገነቡ። አጥር አፍራሹንና አጥር ገንቢውን «ፈረንጅ» ብሎ በአንድ ከረጢት የሚከት ሰው፣ መንጋው በእኛ ላይ የሠራውን መልሶ መሥራቱ ነው። ቁርኣናችን ወሬ ሲመጣ አጣሩ ብሎናል፤ ሕዝብን ብንጠላ እንኳ ፍትሕ እንዳናጓድል አዞናል።

የመጨረሻው ጥያቄ ለራሳችን ነው። ስለ እንግሊዝ ዘረኝነት ስንጽፍ የምንውል ሰዎች፣ የቢላልን ስም በፍቅር እየጠራን ጠቆር ያለውን ወንድማችንን በመልኩ አንሰድብም? ልጁ ሊያገባ ሲመጣ ዘሩን ቆጥረን አንመልሰውም? ይህን ሳናስተካክል የብሪስቶልን አውቶቡስ ለመውቀስ ምን አፍ አለን?

እንግዲህ ወጣቱ ይምረጥ። የብሪታንያን በር የከፈተው የባለቤቱ ቸርነት አይደለም። ማስረጃ ይዘው፣ ተደራጅተው፣ ከሌላው ተበዳይ ጋር ቆመው፣ በሶብር ያንኳኩ ሰዎች ናቸው።

ወላሁ አዕለም።