ጣሪያው ላይ የሚፈሰው ውሃና አራተኛ ፎቅ የሚወጣው ጀሪካን

ነሐሴ ነው። ጀሞም ይሁን የካ አባዶ፣ ሰሚትም ይሁን ቱሉ ዲምቱ፣ በኮንዶሚኒየሙ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ውሃው በአሸንዳ ወርዶ ኮብልስቶኑን እያጠበ ወደ ቦዩ ይሄዳል። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ብሎክ ደረጃ ላይ አንዲት እናት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይዘው ወደ አራተኛ ፎቅ ይወጣሉ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያርፋሉ። ፈረቃው ገና አልደረሰም። ደርሶ ከሆነም ግፊቱ ምድር ቤቱን አዳርሶ ላይኛው ፎቅ ሳይደርስ ቀርቷል።

"የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው" የሚባለው ተረት ለነዚህ ብሎኮች የተነገረ ይመስላል።

"ራሱን የቻለ ሰፈር" ሲባል ብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው በማስታወቂያ የሚታየው መስታወት በመስታወት የሆነ ከተማ ነው። ከሀብታም ሀገር የተቀዳ፣ ለሀብታም ሰው የሚሸጥ። ነገሩ ግን ከዚያ በጣም ያነሰና የቀረበ ነው። ራሱን የቻለ ሰፈር ማለት ከተማው ለሁለት ቀን ቢረሳው የማይቆም ሰፈር ማለት ነው።

አሁን ያሉት የጋራ መኖሪያዎች የተሠሩት በገመድ እንደተንጠለጠለ ዕቃ ነው። ውሃው ከለገዳዲ፣ ከድሬ፣ ከገፈርሳ ወይም ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። መብራቱ ከሩቅ ግድብ ይመጣል። ቆሻሻው ሌላ ሰው ሰፈር ሄዶ ይደፋል። አንዱ ገመድ ሲላላ ነዋሪው በእጁ የሚይዘው ነገር የለም። በድሮው ግቢ ቢያንስ የጉድጓድ ሽንት ቤት ነበር፤ ውሃ ሲጠፋ ሥራው አይቆምም። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን አንድ ጊዜ ሽንት ቤት ለመልቀቅ ከ6 እስከ 9 ሊትር ይፈልጋል። ስለዚህ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው ውሃ ግማሹ የሚጠጣ አይደለም፤ ለሽንት ቤት የሚደፋ ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አዲስ አበባ በክረምቱ ከባድ ወር 250 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። የብሎኩ ጣሪያ 400 ካሬ ሜትር ቢሆንና ከሚወርደው አንድ አምስተኛው ቢባክን፣ በወር 80,000 ሊትር ይቀራል። 4,000 ጀሪካን ማለት ነው። ብሎኩ 30 አባወራ ቢኖረው ለእያንዳንዱ ቤት በቀን ከ4 ጀሪካን በላይ ይደርሳል። ለመጠጥ አይሆንም፤ ጣሪያው አቧራና የወፍ ኩስ አለበት። ለሽንት ቤት፣ ለልብስና ለወለል ግን ከበቂ በላይ ነው።

"በጋ ሲመጣስ?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ከጥቅምት በኋላ ጣሪያው እንደ ክረምቱ አይሰጥም፣ ክረምቱን ሙሉ አጠራቅሞ በጋውን ለመዝለቅ የሚበቃ ሮቶም የሚያስቀምጡበት ቦታ የለም። ግን ያው ሮቶ በበጋ ሌላ ሥራ አለው። ሌሊት በፈረቃ የሚመጣው ደካማ ውሃ አራተኛ ፎቅ መውጣት ባይችልም ምድር ላይ ወዳለ ሮቶ መግባት ይችላል። ከዚያ ፓምፕ ያወጣዋል። 1,000 ሊትር ውሃ 15 ሜትር ለማንሳት በደህና ፓምፕ 0.1 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበቃል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሁለት ደቂቃ የሚበላው ነው። ይህን ያህል ጉልበት ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ መጠነኛ ሶላር ይሸፍነዋል። የደረጃውን መብራትም አብሮ ያበራል።

ሶላሩ እንጀራ ይጋግር ማለት ግን ውሸት ይሆናል። ምጣድ ብዙ ጉልበት ይበላል፤ ሠላሳ ቤት በአንድ ጠዋት ምጣዱን ሲሰካ ትራንስፎርመሩ ቢንተከተክ አይገርምም። እዚህ ላይ መድኃኒቱ ግቢው ውስጥ ተሠርቶ የተረሳው ኮሚናል ነው። ሲሠራ ለጋራ አገልግሎት ታስቦ ነበር። ስንቱ ዛሬ መጋዘን ሆኗል፣ ስንቱ ተከራይቷል። በተራ የሚጋገርባቸው ጥቂት ምጣዶች እዚያ ቢገቡ የብሎኩ ጭነት በቀኑ ውስጥ ይከፋፈላል።

ቆሻሻውም እንዲሁ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ሲናድ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ያ ክምር ከየቤቱ የወጣ ነበር። የከተማው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነገር ነው፦ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን አንጓ፣ የተረፈ እንጀራ። ፕላስቲኩንና ብረቱን ቆራሌው ይወስደዋል። የሚበሰብሰው ተለይቶ በግቢው ጥግ ኮምፖስት ቢሆን ሰፈሩ ወደ ሌላ ድሃ ሰፈር የሚልከው ክምር በግማሽ ይቀንሳል። ይህ የጎረቤት ዕዳ ጉዳይ እንጂ የአትክልት ፍቅር ብቻ አይደለም።

ማን ይሥራው? የጋራ ህንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ጣሪያውም ደረጃውም ግቢውም የነዋሪዎቹ የጋራ ንብረት እንደሆነና ማኅበራቸው እንደሚያስተዳድረው ይናገራል። ሕጉ አለ። በተግባር ግን የብዙ ብሎክ ኮሚቴ የጥበቃ ደመወዝ ከመሰብሰብ አያልፍም። ስብሰባ ሲጠራ አምስት ሰው ይመጣል፣ እሱም ስለ መኪና ማቆሚያ ሊጣላ።

የሚገርመው ይኼው ሕዝብ በዕድር ሲሆን ሌላ ሰው ነው። በየወሩ ይከፍላል፣ ድንኳን ይገዛል፣ ወንበርና ድስት ቆጥሮ ያስቀምጣል፣ የቀረውን ይቀጣል። ለሞት ይህን ያህል የተደራጀ ሰፈር ለውሃ መደራጀት አይችልም ማለት አይቻልም። ሮቶ ከድንኳን የከበደ ነገር አይደለም።

አንድ አደጋ ግን አለ፤ በግልጽ መነገር አለበት። "ራሳችሁን ቻሉ" የሚለው ቃል ለባለሥልጣን ጥሩ መሸሸጊያ ነው። ቧንቧ ዘርግቶ ውሃ ማድረስ የከተማው ግዴታ ነው፤ ነዋሪው ሮቶ ስለገዛ ግዴታው አይሰረዝም። እንዲያውም በየወሩ ስንት ሊትር እንደደረሰው በሮቶው ልክ የሚያውቅ ብሎክ ቅሬታውን በቁጥር ይዞ ይሄዳል። አዳዲስ ብሎኮችን የሚሠራው አካልም አሸንዳውን ከሮቶ ጋር አገናኝቶ ቢያስረክብ ከጠቅላላው ወጪ አንፃር ኢምንት ነው። ከተሠራ በኋላ ነዋሪው በመዋጮ ሲያደርገው ነው የሚከብደው።

ሁሉንም በአንድ ዓመት መሥራት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ለሚመጣው ክረምት አንድ ብሎክ፣ አንድ አሸንዳ፣ አንድ ሮቶ ይበቃል። ጎረቤት ብሎክ አይቶ ይቀናል፤ በሀበሻ ሰፈር ነገር የሚስፋፋው እንደዚያ ነው።

እስከዚያው ድረስ ዝናቡ መፍሰሱን አያቆምም። እናቲቱም ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጠው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ነው። አንድ ፎቅ ይቀራቸዋል።