የትናንቱ ምስር፣ የዛሬው ሳምቡሳ

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገቡ። ሁለቱ ጾሞች ሲገጥሙ ሽንኩርትና ቲማቲም ፈላጊው ይበዛል።

ከጉሊት የገዛነው ቲማቲም ከላይ ቀይ ነው፤ ሲከተፍ ግን ውስጡ ነጭና ደረቅ ሆኖ አገኘነው። ሻጯን አንወቅስም፤ የመጣላትን ነው የምትሸጠው። ቲማቲሙ ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ ተጭኖ አዲስ አበባ እስኪደርስ በደላላውና በጅምላ ነጋዴው እጅ ያልፋል። በሳጥን ተደራርቦ እንዳይፈርጥም ሳይበስል ይለቀማል። መንገድ ላይ የሚቀላው ቆዳው ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሰላጣ ያሰብነው ቲማቲም ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ረጅም ጊዜ ተቁላላ፤ ጎምዘዝ እንዲል ሎሚ ጨመርንበት። ከስሑር የተረፈው እንጀራ በዚያው ተፈረፈረ። የትናንቱ ምስር ወጥ ደግሞ ውሃው እስኪመጥ እሳት ላይ ቆይቶ የሳምቡሳ ሙሌት ሆነ። (ትኩስ ሆኖ ከተሞላ ሊጡን ያረጥበዋል፤ በደንብ ይቀዝቅዝ።)

ይህን ሁሉ “የሴቶች ብልሃት” ብሎ አወድሶ ማለፍ አይጥመንም። እናቶቻችን ድሮም ምግብ አይጥሉም ነበር፤ ያኔ ግን ምርጫው የራሳቸው ነበር።

ሥጋው በምስር መተካቱ ያላሰብነውን ጥቅም አመጣ፦ ሳምቡሳው ሁዳዴ ለያዙት ክርስቲያን ጎረቤታችንም የሚላክ ሆነ። ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነው። የምንጠብስበት የፓልም ዘይት ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ከሐምሌ 22 ቀን 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ እየቆጠብን ነው የምናፈሰው። በ2016 ዓ.ም. 30 እንጠብስ ነበር፤ በ2017 ግን 12 ሆነ። ቤት ውስጥ ሰባት ነን። በ2016 አራት ደጅ ያንኳኳው ሰሃን በ2017 አንድ ደጅ ደርሶ ተመለሰ።