አራስ ሕፃንም ያመዋል

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ በሐረር ከተማ ልጅ የወለዱ ባልና ሚስት ሁሉ፣ በጁገል ግንብ ውስጥም ይኑሩ ከሸዋ በር ወዲያ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያጋጥማቸው ነው። ልጁ እንደ ተወለደ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ክንዱ ላይ ይወጋል። በስድስተኛው ሳምንት በሁለቱም ጭኑ ይከተባል። ቆዳው ቢጫ ከመሰለ ወይም አልጠባ ካለ ደም ይወሰድለታል። ያለ ቀኑ ተወልዶ ወይም ታምሞ በሕይወት ፋና ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የተኛ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ ሊወጋ ይችላል።

በዚያን ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። እናት ልጇን ለነርሷ ትሰጥና ፊቷን ታዞራለች። አባት ከደጅ ይጠብቃል። አያት «አይዞሽ ልጄ፣ አራስ ምን ያውቃል? አሁን ይረሳዋል» ይላሉ። ሕፃኑ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ተጋድሞ ይወጋል፤ ወደ እናቱ ጡት የሚመለሰው ካለቀሰ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሊገለበጥ ይችላል። ገንዘብም ሆነ መድኃኒት አይጠይቅም።

«አራስ ምን ያውቃል?»

አያቶችን አንውቀስ፤ ሐኪሞችም እንዲሁ ያስቡ ነበር። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስከ 1980ዎቹ ድረስ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የአራስ ነርቭ ገና አልበሰለም እየተባለ በቂ ማደንዘዣ ሳይሰጥ ቀዶ ሕክምና ይደረግ ነበር። በ1987 ዶክተር ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቻቸው «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህን አስተሳሰብ አናጋው። ያለ ቀናቸው ተወልደው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሕፃናት መካከል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የተጨመረላቸው ሰውነታቸው ያን ያህል አልተናወጠም፤ ከዚያም በኋላ የገጠማቸው ችግር ያነሰ ነበር።

ሕመምን የሚያስተላልፉት ነርቮች ሕፃኑ ሲወለድ ሥራ ጀምረዋል። ገና ያልበሰለው፣ ሕመሙን ከአንጎል በኩል የሚያበርደው ሥርዓት ነው። ስለዚህ አራስ ከአዋቂ ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ሊያመው ይችላል።

ምልክቱን ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ። ቅንድቡን ያኮማትራል፣ ዓይኑን አጥብቆ ይጨፍናል፣ አፉን ይከፍታል፣ ጣቶቹን ይጨብጣል። ያለ ቀኑ የተወለደ ወይም የደከመ ሕፃን ግን ለማልቀስም አቅም ሊያጣ ይችላል። ዝም አለ ማለት አላመመውም ማለት አይደለም።

የእናት ደረት

በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ጤነኛ አራሶች ተረከዛቸው ተወግቶ ደም ሲወሰድ ጥናት ተደርጎ ነበር። በ2000 በታተመው ጥናት፣ ገላቸው ያለ ልብስ ከእናታቸው ደረት ጋር ተነካክቶ የተወጉት፣ ተጠቅልለው አልጋቸው ላይ ከተወጉት ይልቅ ልቅሷቸው በ82 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በ2002 በታተመው ደግሞ ጡት እየጠቡ የተወጉት ልቅሶ በ91 በመቶ ቀነሰ። መጥባቱ፣ የወተቱ ጣዕም፣ የእናት ጠረንና የገላዋ ሙቀት አንድ ላይ ሆነው የሕፃኑ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ማስታገሻ ያነሣሣሉ።

ገላን ከገላ ማገናኘት ለአገራችን ሐኪሞች እንግዳ ነገር አይደለም። በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የተጀመረው የካንጋሮ እንክብካቤ በአዲስ አበባም ተሞክሯል። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳዬ ካሴ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ክብደታቸው ከ2 ኪሎ በታች ሆኖ ከተወለዱት ሕፃናት መካከል ሳይዘገይ በእናታቸው ደረት ላይ የታቀፉት በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ሕይወት የሚያተርፈው ያው ደረት በመርፌም ሰዓት ያገለግላል።

በክትባት ቀን ምን ታደርጋላችሁ?

1. አስቀድማችሁ ተናገሩ። ተራችሁ ሲደርስ «ሲስተር፣ እያጠባሁት ይወጋልኝ» በሉ። ይህ ነርሷን ማስቸገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ምክር ሕፃኑ በወላጁ እንደ ታቀፈ እንዲከተብ፣ በክትባቱ ጊዜ ወይም ጥቂት ቀደም ብሎም ጡት እንዲጠባ ይላል።

2. መርፌው እስኪመጣ አትጠብቁ። ልብሱን ከላይ አውልቃችሁ ደረታችሁ ላይ አድርጉት፤ ጀርባውን በጋቢ ወይም በነጠላ ሸፍኑ። ጡት ይዞ፣ ወተቱ ወርዶለት፣ ተረጋግቶ መሳብ ሲጀምር ይወጋ።

3. ተራውን ጠይቁ። በአፍ የሚሰጠው ጠብታ ይቅደም። ከመርፌዎቹ ይበልጥ የሚያመው መጨረሻ ላይ ይሁን።

4. ከተወጋም በኋላ ቶሎ አትንጠቁት፤ ጥቂት ይጥባ። የተወጋበትን ቦታ አትሹ፣ ቅቤም አትቀቡት።

የአባት ድርሻ

እናት ካልተሻላት ወይም ማጥባት ካልቻለች የአባት ደረትም ይሞቃል። ሕፃኑ አልጋ ላይ እንዳለ መወጋት ካለበት፣ አባት እጁን በሚገባ ታጥቦ አንዱን መዳፍ በራሱ ላይ ያሳርፍ፤ በሌላው እጆቹንና እግሮቹን ወደ ሆዱ ሰብሰብ አድርጎ፣ ሳያጨናንቅ ይያዘው። በማኅፀን እንደ ነበረው ሲሰበሰብ ይረጋጋል። ድምፃችሁንም ዝቅ አድርጋችሁ አናግሩት። ደጅ ቆሞ መጠበቅ የአባት ሥራ አይደለም።

ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ

በሆስፒታል ሐኪም ለክቶ ጥቂት የስኳር ውሕድ በሕፃኑ ምላስ ላይ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ግን በቤት የሚሠራ አይደለም። እስከ ስድስት ወር ሕፃኑ ከእናት ጡት በቀር ስኳር ውሃም፣ አብሽም፣ ቅቤም አያስፈልገውም። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ከባድ የምግብ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ጡት ሁሉን ይተካል ብላችሁም አትሳቱ። መርፌና ደም መስጠት ለደቂቃ የሚቆይ ሕመም ነው። ግርዛት ግን ቀዶ ሕክምና ነው፤ በሠለጠነ ባለሙያ፣ ቦታው በመርፌ ደንዝዞ መደረግ አለበት። እንጥል ማስቆረጥንና ግግ ማስወጣትን በተመለከተ ደግሞ ማስታገሻ አንፈልግላቸውም፤ ጥቅም የሌላቸው፣ ለደም መፍሰስና ለመመረዝ የሚዳርጉ ስለሆኑ ጭራሽ አይደረጉ።

ከክትባት በኋላ ሕፃኑ ጡት አልይዝ ካለ፣ እምብዛም የማይነቃ ከሆነ ወይም ልቅሶው ሰዓታት ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዕድሜው ከሦስት ወር በታች ሆኖ ትኩሳት ካለው ደግሞ አትዘግዩ።

ልጃችሁ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተኝቶ ከሆነ፣ በቱቦና በመሣሪያ መካከል ስታዩት «እኔ ምን ልረባው?» ትሉ ይሆናል። ነርሷን «ደም በምትወስዱበት ሰዓት ልቀፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁኔታው የማይፈቅድበት ቀን ይኖራል፤ ያኔም እጃችሁን ጭንቅላቱ ላይ ማሳረፍ ይፈቀድ እንደ ሆነ ጠይቁ።

በሚቀጥለው የክትባት ቀን እንግዲህ ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ። ካርዱን አባት ይያዝ፤ እናትም የሚከፈት ቀሚስ ትልበስ። በቤተ ክርስቲያናችሁ አዲስ የወለደች እህት ካለች ገንፎውን ይዛችሁ ስትጠይቋት ይህንንም ንገሯት። ጌታ ልጆቻችሁን ይባርክ።