ገመዱ የዋለለት ውለታ

ኢዝሚር የሚያርፍ መንገደኛ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ የሚቀበለው ስም የአድናን ሜንዴሬስ ነው። ማረፊያው በስሙ ተሰይሟል። ይህን ሰው የቱርክ መንግሥት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 1961 በኢምራሊ ደሴት ሰቅሎታል። ከ29 ዓመት በኋላ ደግሞ አፅሙን አስወጥቶ፣ በክብር አጅቦ፣ ኢስታንቡል ውስጥ ሐውልት ሠርቶለት አሳርፎታል። እኔን የሚያሳስበኝ በስቅላቱና በሐውልቱ መካከል የጠፋው ነገር ነው።

ሜንዴሬስ የአይዲን ባለመሬት ልጅ ነበር። በ1931 ፓርላማ የገባው በጊዜው አገሪቱን ብቻውን በሚገዛው የሪፐብሊካን ሕዝብ ፓርቲ ስም ነው። በ1945 ለገበሬ መሬት የሚያከፋፍል ሕግ ሲመጣ ተነሥቶ ተቃወመ። እንግዲህ የሰውየው ዴሞክራትነት ከመሬቱ ጭምር የበቀለ መሆኑን ልብ ይሏል። ከጄላል ባያርና ከሌሎች ሁለት ጓዶቹ ጋር ፓርቲው ይለወጥ ብሎ ፈረመ፤ ተባረረም። በ1946 መጀመሪያ አራቱ ዴሞክራት ፓርቲን መሠረቱ። «በቃ! ቃሉ የሕዝብ ነው» በሚል መፈክር በሜይ 1950 አሸነፉ። የአታቱርክ ወራሽ ኢስሜት ኢኖኑም ወንበሩን በሰላም ለቀቀ።

አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ለ18 ዓመት በቱርክኛ እንዲባል የታዘዘውን አዛን ወደ ዐረብኛው መመለስ ነው። በዚያች ውሳኔ የገጠሩን ሰው ልብ ገዛ። ትራክተር ገባ፤ መንገድ ተዘረጋ። ጦር ወደ ኮሪያ ላከ፤ የእኛው ቃኘው ሻለቃም በዚያው ጦርነት፣ በዚያው በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ተዋግቷል። በ1952 ቱርክ ኔቶ ገባች። በ1959 የተሳፈረበት አውሮፕላን ለንደን አጠገብ ተከስክሶ 14 ሰው ሲሞት እሱ ተረፈ። ደጋፊዎቹ አላህ ያቆየልን ብለው በግ አረዱለት።

ያው ሰው ግን ሥልጣን ሲደላደልለት መልኩ ተለወጠ። በ1954 ምርጫ ኪርሼሂር የተባለው ክፍለ ሀገር ተቃዋሚ መረጠ ተብሎ ማዕረጉ ተገፎ ወደ ወረዳ ወረደ። ሕዝብን በምርጫው የቀጣ መንግሥት እንደ ማለት ነው። ጋዜጠኞች ታሰሩ። በሴፕቴምበር 1955 የኢስታንቡል ግሪኮች ሱቅ፣ ቤትና ቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ሁካታ ሲወድም መንግሥቱ ከተጠያቂነት አላመለጠም። በ1958 ዶላር ከ2.80 ወደ 9 ሊራ ዘለለ። በኤፕሪል 1960 ደግሞ ከራሱ ፓርቲ አባላት ብቻ 15 ሰው መርጦ፣ ተቃዋሚን የሚመረምርና ጋዜጣ የሚዘጋ ኮሚሽን አቋቋመ። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ።

ሜይ 27 ቀን 1960 ወታደሩ ገለበጠው። ይህን ሁሉ ጥፋት በአግባቡ የሚመረምር ችሎት ቢሰየም ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። በያሲአዳ ደሴት የተቀመጡት ዳኞች ግን የአፍጋኒስታን ንጉሥ ለፕሬዚዳንት ባያር የሰጡት ውሻ ለእንስሳት ማሳያ ተሸጠ በሚል ክስ ጀመሩ። ሜንዴሬስን ደግሞ ከውሽማው በተወለደ ሕፃን ሞት ከሰሱት፤ በዚህ ነፃ ወጣ። ትልቁ ክስ በትናንሾቹ ቀለለ።

በመጨረሻ 15 ሰው ሞት ተፈረደበት፤ የውጭ ጉዳይና የገንዘብ ሚኒስትሮቹ ከእሱ አንድ ቀን ቀድመው ተሰቀሉ። ሜንዴሬስ የእንቅልፍ ክኒን ውጦ ራሱን ሊገድል ሞክሮ ነበር። ሐኪሞች አዳኑት፤ አድነውም ለገመድ አስረከቡት። ዋነኛ ባላንጣው ኢኖኑ እንኳ አትስቀሉት ብሎ ጽፎ ነበር፤ የሰማው የለም።

አንድ ወር ሳይሞላ በተደረገው ምርጫ የእሱን ደጋፊዎች የወረሰው ፍትሕ ፓርቲ ከኢኖኑ ፓርቲ ጥቂት ብቻ አንሶ ሁለተኛ ወጣ። በ1965 ጠቅልሎ ሥልጣን ያዘ። ወታደሩ የቀበረውን ሕዝቡ በካርድ አወጣው።

ለእኔ የጠፋው ነገር ይኸው ነው። ቱርኮች ሜንዴሬስን በራሳቸው ድምፅ የማውረድ ዕድላቸውን ተነጠቁ። ዛሬ ስሙ ሲነሣ ገመዱ ይታወሳል፤ ኪርሼሂርንና ያንን ኮሚሽን የሚያነሣ ጥቂት ነው። በካርድ የወረደ መሪ ጥፋቱን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። የሰቀሉት ግን ሰማዕት ይሆናል፤ ስለ ሰማዕት ደግሞ ክፉ አይወራም። የሰቀሉት ሰዎች ከወዳጆቹ የበለጠ ውለታ ውለውለታል።