የሽያጭ ብዛት የደኅንነት ምስክር አይደለም

አንድ ዕቃ በገበያ ብዙ ፈላጊ ማግኘቱ ለሠሪው ክብር፥ ለነጋዴው ትርፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ብዙ ስለ ተሸጠ ብቻ ደኅና ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ለዚህም ፎርድ ኤክስፕሎረር የተባለው መካከለኛ ኤስ ዩ ቪ አውቶሞቢል በአሜሪካ አገር ያለፈበት ታሪክ የተገለጠ ማስረጃ ነው።

ይህ አውቶሞቢል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) ለገበያ ሲቀርብ፥ ሬንጀር በተባለው ትንሽ የጭነት መኪና መሠረት ላይ የተሠራ ነበር። ባለ አራት በሩ ቤተ ሰብን ከነጓዙ ይይዛል፤ ከመሬት ከፍ ያለ በመሆኑም ነጂው መንገዱን አሻግሮ ያያል። ከከተማ የማይወጣው ሰው እንኳ ዳገትና ጭቃ የማይፈራ መኪና አለኝ ብሎ ደስ ስለሚለው፥ ገዢው ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ሄደ።

ይሁን እንጂ ገዢውን የሳበው ያው ከፍታ፥ ጎማ በተበላሸ ጊዜ መኪናውን ለመገልበጥ የቀረበ አደረገው። ፋየርስቶን ከተባለው ኩባንያ የመጡት ጎማዎች በሙቀት፥ በፍጥነትና በነፋስ ማነስ ምክንያት መንገድ የሚረግጠው የላይኛው ክፍላቸው ይላቀቅ ጀመር። አደጋው በሳዑዲ ዓረቢያና በአካባቢዋ ባሉት ሙቅ አገሮች አስቀድሞ ስለ ታየ፥ ፎርድ በ1999 በዚያ የነበሩትን ጎማዎች መለወጥ ጀመረ። በአሜሪካ ግን ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎች እንዲመለሱ ያስታወቀው ከአንድ ዓመት በኋላ፥ በኦገስት ወር 2000 ነው። በዚህ ምክንያት በዚያ አገር የሞቱት ሰዎች ከ200 በላይ መሆናቸው ተቈጠረ። ከዚህም በኋላ አንዱ ኩባንያ ጎማውን፥ ሁለተኛው መኪናውን ይከስ ጀመር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው፥ በዚያው በ2000 ከ400 ሺህ በላይ ኤክስፕሎረር በአሜሪካ መሸጡ ነው። ነጋዴው መዝገቡን ገልጦ ሲያይ ደስ የሚያሰኝ ቍጥር አገኘ፤ በሌላው መዝገብ ግን የሟቾች ስም ይጻፍ ነበር። ኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲወጣና በቤት መኪና መሠረት ላይ የተሠሩ ተወዳዳሪዎች ሲበዙ፥ የገንዘብ ችግርም ሲጨመር፥ በ2009 ሽያጩ ከ60 ሺህ በታች ወረደ። ፋብሪካውም የጭነት መኪናውን መሠረት ትቶ እንደ ገና ከሠራው በኋላ፥ በ2011 ከ130 ሺህ በላይ ተሸጠ።

በኖቬምበር 2000 የጸናው የአሜሪካ ሕግ፥ ፋብሪካዎች የሚቀርብባቸውን የሞትና የጉዳት አቤቱታ፥ ደግሞም በውጭ አገር ያስመለሱትን ዕቃ ሁሉ ለመንግሥት እንዲያስታውቁ አዘዘ፤ የጎማ ነፋስ ሲጎድል የሚያመለክት መሣሪያም በአዲሶቹ መኪናዎች እንዲገባ አደረገ። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመጣው ከለቅሶው በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ በገበያ ላይ የተሾመ ሁሉ ስንት ተሸጠ ብሎ በሚጠይቅበት ቀን፥ ስንት አቤቱታ ደረሰ ብሎ አብሮ ሊጠይቅ ይገባዋል።