ምንም ያለመግዛት ቀን

በአዲስ አበባ፥ በልደታ ሰፈር፥ በዓል ሲቃረብ ብዙ ሰው ወደ መርካቶ ይሄዳል። የነበረው ልብስ ሳያልቅ ሌላ ለመግዛት የሚበደርም አለ። በዓሉ በአንድ ቀን ያልፋል፤ ዕዳው ግን ይቀራል።

በካናዳ አገር፥ በቫንኩቨር ከተማ፥ በ1992 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፥ እንዲህ ያለውን ልማድ የጠሉ ሰዎች አንድ ቀን ምንም ሳይገዙ ዋሉ። ሐሳባቸው መልካም ነው። ነገር ግን በማግሥቱ እጥፍ አድርጎ የሚገዛ ሰው ምን ጠቀመ? የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ ይከለከላል፤ ለሆዱ የቻለውን ለልብሱ ቢያደርገው አይከብደውም።

«ሰው ካልገዛ ነጋዴው ምን ይበላል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነት አለው። የልደታ ልጅ ግን ጫማው ቢቀደድ ወደ ጫማ ሰፊው ይውሰደው፤ ጫማ ሰፊውም የልጆቹን እንጀራ ያገኛል።